እስከ መስመሩ የተሞላ ሳጥን

ሱቄ ገብቶ ሥዕሎቼን ያየ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር በእርሳስ የጻፍኩትን ቁጥር ያይና «ዋጋው ነው?» ይለኛል። «አይደለም፣ ስንተኛው እንደሆነ ነው» እለዋለሁ። «ስንተኛው ምን?» ይላል። ደንበኛው ቸኩሎ ከሆነ ሥቄ አልፈዋለሁ። ካልቸኮለ በርጩማ አቀርብለትና ከአባቴ ማር እጀምርለታለሁ። እናንተም የቸኮላችሁ አትመስሉኝም፤ እስቲ ተቀመጡ።

ዘመኑ የደርግ ነው። የሰባ ሰባቱ ድርቅ አልፎ ላስታ እንደገና ቀና ማለት በጀመረችበት ጊዜ፣ እኔ ፈንታዬ ሞላ ላሊበላ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆቴል አልጋ አንጣፊ ነበርኩ። ሆቴል ይባል እንጂ እንግዳው ከሠራተኛው ያነሰ ነበር። ከጋሸና ወደኛ የሚያመጣው መንገድ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ፈረንጅ የሚመጣው በአውሮፕላን ነው፤ እሱም ሰማዩና ባለሥልጣኑ ሲፈቅዱ። ቢሆንም ደመወዝ ነበረችኝ። እናቴ በክፉው ቀን ስላረፈች ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና አባቴ ብቻ ነን፤ ቤቱ የሚያድረውም በዚያችው ደመወዝ ነበር።

አባቴን ሰው ሁሉ አያ ሞላ ይላቸዋል። ንብ አናቢ ነበሩ። በድርቁ ጊዜ አበባ ሲጠፋ ንቦቻቸው ቀፎውን ጥለው ኮበለሉ። አባቴ ግን ቀፎዎቹን ከተሰቀሉበት አላወረዱም። ጎረቤት «አያ ሞላ፣ ለማገዶ እንኳ አይሆንዎትም?» ሲላቸው «ቤቱን ያፈረሰ ሰው እንግዳ አይመጣለትም» ይሉ ነበር። እኔ በሆዴ «አባባ አረጁ» እል ነበር። ኋላ ዝናቡ ተመለሰ፣ አደዩ ፈነዳ፣ ንቦቹም መጥተው ሰፈሩ። የማወራላችሁ ኅዳር አባቴ ከክፉው ቀን ወዲህ የመጀመሪያውን ማር የቆረጡበት ነው። የላስታ ነጭ ማር! ጥቂት ነበር፤ አንዲት ማሰሮ እንኳ አልሞላም። አባቴ ግን ጠዋት ጠዋት ክዳኗን ገልጠው አይተው፣ ሳይቀምሱ መልሰው ይከድኗታል።

በዚያው ሰሞን ሄልጋ መጣች። ጀርመን ናት፤ ወደ ሃምሳው የተጠጋች፣ ረጅም፣ ጸጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች። በጃንሆይ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ሥዕል አስተምራ ስለነበር አማርኛዋ ከአንዳንዱ ካድሬ ይሻል ነበር። «አንቱ» ብላት ተቆጣችኝ፤ «ሄልጋ በይኝ፣ ይህን ያህል አርጅቻለሁ እንዴ?» የመጣችው የአንድ የአገሯን ሠዓሊ ሥራዎች አዲስ አበባ ላይ ለሕዝብ ልታሳይ ነው። ትርኢቱ እስኪከፈት ላሊበላን ልይ ብላ፣ ዕቃውን የሚጠብቅላት ሰው ስላጣች ሁሉንም ጭና ይዛው መጣች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ክፍሏን ልጠርግ ስገባ ዕቃውን አልጋው ላይ ዘርግታው ደረስኩ። ጫፉ ያልተሰፋ ግራጫ የሱፍ ቁራጭ አለ፤ የኛን ባና ይመስላል። የቆርቆሮ ማንኪያ አለ። ወረቀት ላይ የታተመ ቡናማ ድልድይ አለ። ደግሞም ክዳን ያላት፣ አንድ ስንዝር ተኩል የምትሆን የእንጨት ሳጥን።

«ይኸ ሁሉ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ሥነ ጥበብ።»

ማንኪያዋን አነሣኋት። ሆቴላችን ውስጥ ከሷ የተሻለ ማንኪያ ሞልቷል። «ይችም?»

«እሷም!» ብላ ሣቀች። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችኝና አስረዳችኝ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሠዓሊው «ሥራዬ አንድ ሀብታም ቤት ተቆልፎ አይቀርም» አለ። አንዱን ነገር ደጋግሞ ይሠራል፣ ፊርማውን ይፈርማል፣ ስንተኛው እንደሆነ በእርሳስ ይጽፋል፤ አስተማሪውም ሾፌሩም በአቅሙ ይገዛል።

«ዋናውስ የት አለ?»

«ዋና የለም። ሁሉም ዋና ነው።»

አልገባኝም። ማታ ለአባቴ ስነግራቸው ጧፍ እየጠመዘዙ ነበር፤ ቀና እንኳ አላሉም። «ምን ይገርማል? ካንዱ ጧፍ ሌላውን፣ ከዚያ ሌላውን ብትለኩሽ ዋናው እሳት የቱ ነው?» አሉኝ።

ወደ ሄልጋ ክፍል ልመልሳችሁ። የታተመው ድልድይ እንዴት እንደተሠራ ጠየቅኳት። እንጨቱ ይቀረጻል፣ ቀለም ይቀባል፣ ወረቀቱ ይጫንበታል አለችኝ። ወረቀቱን ገልብጣ በጣቴ ስታስዳስሰኝ እንጨቱ የተጫነበት ቦታ ተሰማኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እጄን በላኝ፤ የሰው ሥራ አይቼ እንዲያ ሆኜ አላውቅም። ቀጥዬ ሳጥኗን ከፈትኳት። ከውስጥ በኩል አራቱን ግድግዳ የሚዞር ቀጭን የእርሳስ መስመር አለ። ወለሏ ላይ ፊርማና ቁጥር፤ አርባ አንድ። ሌላ ምንም የለም።

«ምን ይገባባታል?»

«ምንም። ሠዓሊው ባዶዋን ነው የሠራት። የገዛኋት መጀመሪያ በተቀበልኩት ደመወዝ ነው። ከዚህ ሁሉ የምወዳት እሷን ነው፤ ያለ እሷ ትርኢት አላሳይም» አለችኝ።

በማግሥቱ ከደሴ የበላይ አካል ይመጣል ተባለና ሆቴሉ ታመሰ። አስተዳዳሪያችን ጓድ አስፋው ክፍሎቹ ሁሉ እንዲለቀቁ አዘዙ። ሄልጋ አልተከፋችም፤ «እኔም ይምርሃነ ክርስቶስን አይቼ፣ እዚያው አድሬ እመጣለሁ» ብላ በቅሎ ተከራየች። ቁልፍ ያላቸው ሻንጣዎቿ ዕቃ ቤት ገቡ። ሳጥኗን ግን አላስገባም አለች። ዕቃ ቤታችን ላምባ ላምባ ይላል፤ እንጨት ደግሞ ሽታ ይጠጣል።

«ፈንታዬ፣ ቤትሽ ጭስ የማይገባው ደረቅ ቦታ አለ?»

«ፎቅ ላይ የማር ቤታችን አለ።»

በንጹሕ ነጠላ ጠቅልላ አስታቀፈችኝ። ጓድ አስፋው ደጃፍ ላይ ቆመው ያያሉ። ሄልጋ በቅሎዋ ላይ ስትወጣ ጠብቀው ተጠጉኝ። «ስሚ፣ ይኸ በሚኒስቴር ፈቃድ የገባ ዕቃ ነው። አንድ ነገር ቢሆን ሥራሽን እርሺው። እኔና አንች የምንገናኘው ከርቸሌ ነው።»

ሮጬ ቤት ወሰድኩት። «አባባ፣ የእንግዳዬ አደራ ነው። ስትመለስ እንሰጣታለን» አልኳቸው። ስለ ባዶነቱ ግን ምንም አላልኩም። ባዶ ሳጥን ባዶውን ይቆይ ብሎ አደራ የሚል ሰው አለ? አባቴ ነጠላውን ገልጠው አዩት፣ ክዳኑን ከፈቱ፣ መስመሩ ላይ ጣታቸውን አስኬዱ። «ጥሩ ጠራቢ ነው የሠራው» አሉ። እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። በዚያ ቀን እንግዳው ብዙ ስለነበር አዳሬም ሆቴል ሆነ።

በማግሥቱ ከሰዓት ሄልጋ አቧራ ለብሳ፣ ፊቷ በርቶ ተመለሰች። «ነገ ጠዋት አውሮፕላን አለ ብለውኛል። ሳጥኔን አምጪልኛ» አለችኝ። እየዘለልኩ ወረድኩ።

አባቴ ፎቁ ላይ ነበሩ፤ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰዋል። ሳጥኗ በነጠላዋ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ላነሣት ስል እጄ ወደ ታች ተጎተተ። ስወስዳት እንደ ላባ የቀለለች ሳጥን ድንጋይ ሆናለች።

«አባባ፣ ምን ገባበት?»

«ቀስ! እንዳታፈሽው።»

ክዳኑን ከፈትኩ። ነጭ ማር። ከዳር እስከ ዳር ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ከላዩ ያቺ ቀጭን የእርሳስ መስመር ብቻ ትታያለች፤ ማሩ ልክ እዚያ ላይ ቆሟል። ፊርማው የለም። አርባ አንድ የለም።

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። «ምን አደረጉ? ኧረ አባባ፣ ምን አደረጉኝ?»

አባቴ ግራ ገባቸው። «ምን አደረግኩ? የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል? ከጎረቤት የመጣ ሳህን እንኳ እፍኝ ቆሎ ይደረግበታል። እናትሽ በክፉው ቀን ምንም ስታጣ፣ የሰው እንቅብ የምትመልሰው ጎመን ቀጥፋ ጣል አድርጋበት ነበር። ከባሕር ማዶ የመጣች እንግዳ ቤቴ አደራ አኑራ ባዶዋን ልስደዳት?»

«ባዶ እንዲሆን እኮ ነው የተሠራው!»

«ልኩ የተሰመረበት ዕቃ ባዶ ሊሆን?» አሉና መስመሩን አሳዩኝ። «ሠሪው ራሱ እስከዚህ ብሎ አስምሮበታል። እኔ አላሳለፍኩም፣ አላጎደልኩም።»

ልገለብጠው አሰብኩ። አባቴ እጄን ያዙ። «የሰጠሁትን አልቀማም።» ማሩ ቢወጣስ? እንጨቱ መታጠብ ሊኖርበት ነው፤ ሲፈተግ ደግሞ የእርሳሱ ጽሑፍ ይጠፋል። ያን ጊዜ የሰው አደራ የበላሁ መሰለኝ። ሥራዬም፣ ቤታችንም፣ ነጻነቴም እዚያች ሳጥን ውስጥ የሰጠሙ መሰለኝ። አለቀስኩ። አባቴ ማጽናናት አይችሉበትም፤ ክዳኑን መልሰው ገጠሙና «እንግዲህ ተነሽ። ሰጪው እኔ ነኝ፤ አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉ።

ዳገቱን ወጣን። እሳቸው ሳጥኗን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንዳትነቀነቅ እግራቸውን እየመረጡ ከፊት ይሄዳሉ። እኔ እንደ ተከሳሽ ከኋላ። ሰው ሰላም ሲላቸው ቆም ብለው ይመልሳሉ፤ የቤት ጤና፣ የከብት ጤና፣ የመኸሩን ነገር ሳይቀር። እኔ የዚያን ዕለት መኸር ምን ገዶኝ! «አባባ፣ እንሂድ» ስላቸው «ማር የያዘ ሰው አይቸኩልም» ይሉኛል። ወይ ነዶ!

የሆቴሉ በር ላይ ጓድ አስፋው ቆመዋል። አባቴን አዩ፣ ሳጥኗን አዩ፣ እኔን አዩ፤ ፊቴ ሁሉን ነገራቸው። ክዳኑን ከፍተው አፈጠጡ።

«ጉድ ፈላ! ፈንታዬ፣ ይኸ ምንድን ነው?»

«ማር ነው፣ ጌታዬ» አሉ አባቴ።

«ማር መሆኑንማ አያለሁ! የሚኒስቴር ዕቃ ውስጥ ምን ይሠራል?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እንግዶቹ አዳራሽ ውስጥ ናቸው። «የሥራ ልብስሽን አስረክቢ። ከዛሬ ጀምሮ ሠራተኛ አይደለሽም። የቀረውን ደግሞ ሴትዮዋ ስታመለክት...»

ሄልጋ ደረጃውን ስትወርድ ያን ጊዜ ነው። «አያ ሞላ እርስዎ ነዎት? ስለ ንቦችዎ ፈንታዬ ነግራኛለች» አለች። እጇን ለሰላምታ ዘረጋች። አባቴ ሁለቱም እጃቸው ስለተያዘ ጎንበስ ብለው ሳጥኗን አቀበሏት። ክብደቱ ሲሰማት ፊቷ ተለወጠ። በረንዳው ላይ ካለው ጠረጴዛ አስቀምጣ ከፈተችው።

ማሩ ላይ ጎንበስ አለች። ጓድ አስፋው ይቅርታ ለመጠየቅ አፋቸውን ሲከፍቱ በእጇ ምልክት ዝም አሰኘቻቸው።

«ፊርማው?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ታች ነው፣ እማሩ ሥር» አልኩ እያነባሁ።

«የጽሕፈቱን ነገር ነው?» አሉ አባቴ። «አይቸዋለሁ። ማሩ በስፌቱ እንዳያፈስ አስቀድሜ ሰም አልብሸዋለሁ። ማንበብ ባልችል ጽሕፈት መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰሙን ቀስ ብዬ ነው ያፈሰስኩበት። ዕቃዎን ባዶውን መመለስ ነውር ሆኖብኝ ነው፣ እመቤቴ። ልኩም ተሰምሮበታል።»

«ልኩ?»

አባቴ መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት። «ይኸው። እስከዚህ።»

ሄልጋ መስመሩን አየችው። አባቴን አየቻቸው። ደግሞ መስመሩን አየችው። ከዚያ ሣቅ አመለጣት፤ እንደ ልጅ አፏን ይዛ ሣቀች፤ ሣቋ ሳያልቅ እንባዋ ወረደ። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጦርነቱ ሲያልቅ ልጅ ነበርኩ። ከተማችን ፈርሶ ነበር። እናቴ ድስት አሲዛ ገበሬዎች ቤት ትልከኝ ነበር፤ ድንች ካላቸው ብላ። ባዶውን ይዤ የተመለስኩበት ቀን ይበዛል። እናቴ ከበር ላይ ቆማ ድስቱን እንጂ እኔን አታይም ነበር። ይህን ሳጥን ያየሁ ዕለት ያ ድስት ነው ትዝ ያለኝ፤ ለዚህ ነው የገዛሁት። ይህን ሁሉ ዘመን ባዶውን ይዤው ስዞር ነበር።»

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛም አይተነዋል» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። በዚያ ጊዜ ላስታ ውስጥ ሌላ የሚጨመር ነገር አልነበረም።

ጓድ አስፋው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ነገሩ እንደ ፈሩት እንዳልሄደ ገብቷቸዋል፤ ዓይናቸው ግን ከማሩ አልተነሣም። «አያ ሞላ፣ ለሆቴሉም ከዚህ ማር ትንሽ አይገኝም?»

«የለም፣ ጌታዬ። ዘንድሮ የተቆረጠው ይኸው ነው።»

እኔም ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ጠዋት ጠዋት ክዳኗን እየገለጡ የሚያዩዋት ማሰሮ ባዶ ሆናለች፤ ለራሳቸው አንድ ጣት እንኳ አልላሱም። ሄልጋም ሰማች። ተነሥታ ሁለት እጃቸውን ይዛ ሳመችው፤ አባቴ ተደናግጠው «ኧረ በማርያም!» አሉ።

እጃቸውን ለቃ ጣቷን ወደ ማሩ ሰደደች።

«ኧረ እንዳይጎድል ከመስመሩ!» ብለው ጮኹ አባቴ። ሁላችንም ሣቅን፤ ጓድ አስፋው ሳይቀሩ። ሄልጋ ጣቷን መለሰች። «አይጎድልም። አዲስ አበባ ላይ እንዲሁ እንዳለ አሳየዋለሁ» አለች። ወደ አስተዳዳሪው ዞራ «ፈንታዬ አደራዬን ጠብቃልኛለች። ስመለስም እዚሁ እንደማገኛት አምናለሁ» ስትላቸው፣ «እንዴታ! የኛ ምርጥ ሠራተኛ!» አሉ። የካድሬ ምላስ ሲታጠፍ አጥንት የለውም!

በማግሥቱ ሳጥኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ሄደች።

ክረምት ሳይገባ አንድ የአውሮፕላን መንገደኛ በነጠላ የተጠቀለለ ዕቃ አመጣልኝ። ያቺው ሳጥን ናት። ትርኢቱ ያለቀ ዕለት ማሩን ለተመልካቹ በዳቦ አብልታለች። ከፈትኩት፤ የእንጨት መቅረጫዎች፣ ቀለም መዳመጫ፣ የቀለም ጣሳ፣ በልክ የተቆረጠ ወረቀት፣ እስከ መስመሩ ድረስ። መሣሪያውን ሳነሣው ወለሉ ላይ ከሰሙ ሥር ፊርማው ይታያል፤ አርባ አንድም እንዳለ ነው። አባቴ ደስ ብሏቸው «ባዶውን አልመለሰችም። ሰው ናት» አሉ።

እጄን የበላኝ ነገር መድኃኒቱን ያገኘው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የቀረጽኩት የአባቴን ቀፎ ነበር፤ ቅርጫት ነው የመሰለው። ሁለተኛው ቀፎ መሰለ። ሆቴሉን ትቼ በዚህ ሥራ ልጆች አሳድጌአለሁ፣ ቤት ሠርቼአለሁ። ሥራዬን ሳትም ደጋግሜ አትማለሁ፣ ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ ዋናው የቱ ነው ላለኝ የአባቴን ጧፍ እነግረዋለሁ።

ሳጥኗ ከዚያ በኋላ ስትሄድ ስትመጣ ኖረች። እኔ ማር እልካለሁ፤ ሄልጋ አንዴ የአበባ ዘር፣ አንዴ ለአባቴ የሱፍ ካልሲ ትልካለች። አንድ ጊዜ እኔ ዘንድ እያለች የኛው አገር ጦርነት ተፋፋመ፣ መንገዱም ሰማዩም ተዘጋ። ደርግ ወደቀ። አባቴ አረፉ። ሄልጋም ማረፏን ከአንድ አገር ጎብኚ ሰማሁ። ተራው የኔ ነበር፤ የሚቀበለኝ ግን ጠፋ። ቢሆንም አዲስ ማር በተቆረጠ ቁጥር አሮጌውን እያወጣሁ ሳጥኗን እስከ መስመሩ እሞላት ነበር። ልጆቼ በሆዳቸው «እማማ አረጀች» እንደሚሉ አውቃለሁ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን ምን ለወጠብሽ ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው። ፎቁ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ አባቴ ያጠፉኝ መስሎኝ ነበር። ያጠፉኝ ያልኩበት ነገር ነው እንጀራዬ የሆነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ሲበላሽብኝ ቶሎ አላለቅስም፤ መጀመሪያ ክዳኑን ከፍቼ አያለሁ።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ረጅም ሴት፣ ጸጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ሱቄ ገባች። የሄልጋ ልጅ ናት። አማርኛ ስለማትችል አስጎብኚዋ አስተረጎመላት፤ አርባ አንደኛው ሳጥን የት እንደገባ እየፈለገች ነው። አውጥቼ ሰጠኋት። ክዳኑን ከፍታ ማሩን ስታይ ግራ ገባት።

«የቀሩት ሳጥኖች ሁሉ ባዶ ናቸው። ይህም ባዶ መሆን አልነበረበትም ወይ?» አስባለችኝ።

በርጩማ አቀረብኩላትና ከአባቴ ማር ጀመርኩላት። ስጨርስ ክዳኑን ገጥማ ሳጥኗን ደረቷ ላይ አቀፈቻት። ከዚያ ልትሄድ ስትነሣ አስጎብኚውን አንድ ነገር ጠየቀችው። እሱም ወደኔ ዞሮ፦

«‹እርስዎ ምን ይወዳሉ?› ትልዎታለች» አለኝ።

አሁን መደርደሪያዬ ላይ ሳጥኗ የነበረችበት ቦታ ክፍት ነው። ሌላ ዕቃ አላስቀመጥኩበትም። ተራው የሷ ነው።